የበላይ አመራር ከነፋስ መውጫ ሲታይ

በፍጥነት የሚያድግ የቴክኖሎጂ ድርጅት ሠራተኛ ስለ ከፍተኛ አመራሩ ምን ያስባል? ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ መልሱም በብዛት የሚለቀመው እዚያው አዲስ አበባ ካለው ሠራተኛ ነው። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከሌላው ጫፍ ያነሣዋል፤ ከላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ፣ ከታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ ከስማዳዋ ወገዳ፣ ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ። ከጉና ተራራ ደጋ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቆላ በሚወርደው በዚህ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ምድር የቴክኖሎጂ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የለም። ያለው የኩባንያው የመጨረሻ እጅ ነው፦ የቴሌ ሱቅ፣ ኮረብታ ላይ የቆመ የኔትወርክ ማማ፣ ማማውን የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ሲም ካርድ የሚሸጥና የቴሌብር ሒሳብ የሚያንቀሳቅስ ወኪል፣ መስመር ሲቋረጥ ተጠርቶ የሚመጣ ቴክኒሻን።

አመራርን ከዚህ ቦታ ማየት የሚጠቅመው ለአካባቢው ለመቆርቆር ብቻ አይደለም። ድርጅት ሲያድግ ከሁሉ ቀድሞ የሚረዝመው በውሳኔ ሰጪውና በሥራው መካከል ያለው ርቀት ነው። ትናንት በአንድ ቢሮ ውስጥ በቃል ያልቅ የነበረ ጉዳይ ዛሬ ከቅርንጫፍ ወደ ሪጅን፣ ከሪጅን ወደ ዲቪዥን፣ ከዲቪዥን ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ይጓዛል። በዚህ መንገድ ላይ የሚጠፋው ነገር መጥፋቱ መጀመሪያ የሚታወቀው በሩቁ ጫፍ ላለው ሰው ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው፦ ሠራተኛ የበላይ አመራሩን የሚመዝነው በዕድገት ቁጥር ወይም በመድረክ ንግግር አይደለም፤ የእርሱ ቃል ሽቅብ ወጥቶ መልስ ይዞ በመመለሱ ነው።

ከጋፋት እስከ ጨጨሆ

ለዚህ ጥያቄ አካባቢው እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያቋቋሙት የብረት ሥራ ሠፈር በዘመኑ የአገሪቱ የቴክኖሎጂ ማዕከል ነበር። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን፣ ሞሪትዝ ሆልንና ባልደረቦቻቸውን የመሰሉ የእጅ ሙያ ያላቸው አውሮፓውያን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እዚያ ይሠሩ ነበር። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ሲጠይቋቸው አናውቅበትም አሉ። ንጉሡ ግን ይህን መልስ አልተቀበሉም። ሙከራ ከሽፎ፣ ሌላ ሙከራ ተተክቶ፣ በመጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ከዚያም ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 በጋይንት በኩል፣ የጨጨሆን ገደል አልፎ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ መቅደላ ደረሰ። ዛሬ መኪና በሚያልፍበት አገር ያን ጊዜ መንገዱ የተቆፈረው በእጅ ነበር፤ ንጉሡም ከሠራተኛው እኩል ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በቦታው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል።

ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1886 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ስለ ንጉሡ ሲጽፍ አድናቆትና ፍርሃት ሳይለያዩ ይመጣሉ። ሠራተኛው መሪውን ያከብራል፤ ምክንያቱም መሪው ሥራውን ያውቃል፣ ድካሙን ይጋራል፣ ለሙያ ክብር ይሰጣል። ሠራተኛው መሪውን ይፈራል፤ ምክንያቱም «አይሆንም» ማለት አይቻልም፣ ትቶ መሄድም አይቻልም። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ማወቅ ለዛሬውም ይጠቅማል። ሠራተኛ ከፍተኛ አመራሩን አደንቃለሁ ማለቱ እውነቱን ይነግረዋል ማለት አይደለም። ቴዎድሮስ በሥራው ቦታ ከማንም በላይ ይገኙ ነበር፤ ሆኖም የማይፈልጉትን የሚነግራቸው ሰው በዙሪያቸው እየጠፋ ሄደ። በሥራ ቦታ መገኘት ከማዳመጥ ጋር ካልተጣመረ ርቀቱን አያጠብም።

የቴሌ ሠራተኛ ያየው ለውጥ

በዛሬዋ ኢትዮጵያ በፍጥነት የሚያድግ የቴክኖሎጂ ድርጅት ሲባል ትልቁ ምሳሌ ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የስልክ ታሪካችን እ.ኤ.አ. ከ1894 ይጀምራል። በ1945 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በኅዳር 2003 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም በሚል ስም እንደ አዲስ ተደራጀ። ይህ የመጨረሻው ሽግግር ሠራተኛው ስለ በላይ አመራር ያለውን አመለካከት ከሥሩ የነካ ነበር። አስተዳደሩ በውል ለፈረንሳይ ቴሌኮም ተሰጠ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዣን ሚሼል ላቱት ሆኑ፤ ነባሩ ሠራተኛ በአዲሱ መዋቅር ውስጥ እንደገና ተመድቦ በሺዎች የሚቆጠሩት ከሥራ ወጡ። ዕድሜ ልኩን ምሰሶ ሲተክልና ገመድ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ስለ እርሱ የሚወሰነው የማያውቀው ሰው በማያውቀው መስፈርት መሆኑን አየ። እንዲህ ያለ ትዝታ ከአመራሩ ለውጥ ጋር አይወጣም፤ ነባሩ ለአዲሱ ገቢ እየነገረው በቤቱ ይኖራል።

በሐምሌ 2010 ቀድሞ በድርጅቱ ውስጥ ሠርተው ያለፉት ወይዘሪት ፍሬሕይወት ታምሩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድገት ፈጣን ነው። በ2010 ወደ 38 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የደንበኛ ቁጥር በ2017 ከ80 ሚሊዮን አልፏል። ግንቦት 3 ቀን 2013 የተጀመረው ቴሌብር የስልክ ድርጅቱን የገንዘብ ድርጅት ጭምር አድርጎታል። በጥቅምት 2017 ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም አሥር በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ሽያጭ ቀረበ።

በሌላ በኩል ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በግንቦት 2013 በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወስዶ፣ በነሐሴ 2014 በድሬዳዋ ሙከራ ጀምሮ፣ በመስከረም 2015 በአዲስ አበባ በይፋ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ አንዋር ሱሳ መሩት፤ በ2015 መጨረሻ ዊም ቫንሄልፑት ተኳቸው።

ሁለቱ ድርጅቶች ሁለት ዓይነት የሠራተኛ ዓይን ይፈጥራሉ። በነባሩ ቤት ሠራተኛው አመራሩን የሚያየው በትዝታ ነው፦ ያለፈው መዋቅር ምን አደረገን፣ የሚመጣውስ? በአዲሱ ቤት ሠራተኛው የሚያየው በተስፋ ነው፦ የውጭ አሠራር ይዘው መጡ፣ ለእኛስ የላይኛው ወንበር መቼ ይደርሰናል? ነባሩ ዋስትና ይጠይቃል፤ አዲሱ የዕድገት መንገድ ይጠይቃል። ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ዓይነት «የሠራተኛ እርካታ» መጠይቅ መለካት ሁለቱንም ማጣት ነው።

ከግምገማ እስከ ዝምታ

ሠራተኛ አለቃውን የሚገመግምበት ሥርዓት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከትጥቅ ትግሉ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባው ግምገማ ሂስና ግለ ሂስ ይዞ መጣ። በመርሑ የበታች የበላዩን ፊት ለፊት መተቸት ይችላል። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ግምገማው ሰውን ማውረጃ ሆነ፤ ማን ምን እንደተናገረ የሚያዝበት፣ ወሬ የሚደራጅበት መድረክ። ያንን ያየ ትውልድ ዛሬ «ሐሳብህን በነፃነት ስጥ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ይዞብኝ ይቆያል?» ብሎ ነው። መጠይቁ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን የሚያርፈው በዚህ ልምድ ላይ ነው።

ከዚያ በፊትም ረጅም ባህል አለ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ሕዝብ ያንኑ ንጉሥ የሚነካበትን መንገድ ግን አላጣም። የድሮ መኳንንት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ፊት ለፊት የማይነገረው በእረኛ ዘፈን፣ በአዝማሪ ግጥም፣ በለቅሶ ሙሾ ስለሚወጣ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አድማጩ ነው። እረኛው ምን እንዳለ ለማወቅ ጆሮ የሚልክ ገዥ፣ ዝምታ ስምምነት አለመሆኑን የተረዳ ገዥ ነበር።

የዘመኑ ጥናትም በራሱ መንገድ እዚያው ይደርሳል። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ኺርት ሆፍስቴደ በዋናነት የታወቀበት ሥራ የተነሣው ከአንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሠራተኞች መጠይቅ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ከ116 ሺህ በላይ መጠይቆችን በብዙ አገሮች ካሉ ሠራተኞቹ ሰበሰበ። «የሥልጣን ርቀት» የተባለው መለኪያ የተሠራው ከቀላል ጥያቄዎች ነው፦ ሠራተኞች ከአለቃቸው ጋር አለመስማማታቸውን ለመግለጽ ምን ያህል ጊዜ ይፈራሉ? አለቃቸው እንዴት ነው የሚወስነው? እንዴት ቢወስን ይመርጣሉ? ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር በምሥራቅ አፍሪካ ስም ተጠቃልላ 64 ነጥብ አገኘች፤ ዴንማርክ 18 ነበረች። አራት አገር በአንድ ቁጥር መጨፍለቁ ትልቅ ጉድለት ነው። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር፤ ስለ አመራር ለማወቅ ከፈለግህ ሠራተኛው አለቃውን ይወድ እንደሆነ ሳይሆን ይፈራ እንደሆነ ጠይቅ ማለቱ ነውና።

አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ያልተደሰተ ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው አስረዳ፦ መውጣት ወይም መናገር። ታማኝነት ደግሞ መውጣትን ያዘገያል፤ ለመናገር ጊዜ ይሰጣል። በአዲስ አበባ ያለ ሶፍትዌር ሠሪ ካልተመቸው ወደ ሌላ ድርጅት፣ ወደ ፊንቴክ ጀማሪ ኩባንያ፣ ወይም ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ወደ መሥራት ይሄዳል። በወገዳ ወይም በአርብ ገበያ ያለ ሠራተኛ ግን በሙያው የሚሄድበት ሌላ በር ጠባብ ነው። መውጣት ሲጠብ መናገር መስፋት ነበረበት፤ ፍርሃት ካለ ግን ሁለቱም ይጠባሉ። የሚቀረው ሥራውን በልኩ ብቻ እየሠሩ ዝም ማለት ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ጥናት እንዳሳየችው ስህተትንና ጥርጣሬን ያለ ስጋት መናገር የሚችል ቡድን ቶሎ ይማራል፤ የማይችል ግን ስህተቱን ይደብቃል። በኔትወርክ ሥራ የተደበቀ ስህተት የሚገለጠው ማማው ሲጠፋ ነው።

የሩቅ ሠራተኛ ሚዛኖች

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን የሩቅ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ከፍተኛ አመራሩን የሚመዝንባቸውን ነገሮች በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው መረጃ ነው። አዲስ ታሪፍ ሲወጣ ወይም አዲስ አገልግሎት ሲጀመር ደንበኛው በቴሌቪዥን ሰምቶ ሱቅ ይመጣል፤ ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሠራተኛ ግን ሰርኩላሩ ገና አልደረሰውም። በዚያች ቅጽበት የሚዋረደው ሠራተኛው ነው። አመራሩ ለጋዜጠኛ ከመንገሩ በፊት ለራሱ ሰው መንገሩ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክብር ግን ይሰጣል።

ሁለተኛው ፍትሕ ነው። ዝውውር፣ ዕድገት፣ ሥልጠና፣ ውሎ አበል፣ የበረሃ አበል፦ ለሠራተኛው «አመራር» ማለት በአብዛኛው እነዚህ የሚሰጡበት መንገድ ነው። ሰዎች የማይወዱትን ውሳኔ እንኳ አካሄዱ ትክክል ከሆነ እንደሚቀበሉ ጆን ቲቦና ሎረንስ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1975 አሳይተዋል። በአገራችን የሩቅ ወረዳ ምደባ ለብዙ መሥሪያ ቤቶች እንደ ቅጣት ሲያገለግል ኖሯል። ጋይንትን ወይም ስማዳን የቅጣት ቦታ ያደረገ አመራር በአንድ ድርጊት ሁለት ወገን ይሰድባል፤ የተመደበውን ሠራተኛና አገልግሎት የሚጠብቀውን ሕዝብ።

ሦስተኛው መገኘት ነው። ለምረቃ መጥቶ ሪባን ቆርጦ የሚመለስ ኃላፊ ያየው የተሰናዳ ቀን ነው፤ ግቢው ተጠርጎ፣ ጄኔሬተሩ ተሞልቶ፣ ሠራተኛው የሚናገረው ተነግሮት። ኃላፊው ያለ አጀብ አንድ ሙሉ የገበያ ቀን ሱቅ ውስጥ ቢውል ሰልፉን፣ የተቋረጠውን ሲስተም፣ የገበሬውን የተበላሸ ቀፎ ያያል። በዓመት አንዴ እንዲህ ያለ ቀን ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል።

አራተኛውና ዋነኛው ምላሽ ነው። ሠራተኛ ሐሳቡ ሁሉ እንዲፈጸምለት አይጠብቅም። የት እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋል። «አይቻልም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» የሚል መልስ እንኳ ከዝምታ ይሻላል። የማማ ባትሪ ደክሟል ብሎ ደጋግሞ ያመለከተ ቴክኒሻን መልስ ካላገኘ፣ ቀጥሎ የሚያየውን ብልሽት ላለማመልከት ይማራል። አመራሩ በዚያች ቀን አንድ ባትሪ ብቻ አልጠፋበትም፤ የሚያይበት ዓይን ጠፍቶበታል።

በክፉ ቀን

እነዚህ ሚዛኖች በሰላም ቀን ብቻ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች ሥር በዋለችባቸው ቀናት በሴቶቿ ላይ የደረሰውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሩቅ ሠራተኛ በሁለት እሳት መካከል ይቆማል። አገልግሎቱን የዘጋው እርሱ አይደለም፣ የቅርንጫፍ ኃላፊውም አይደለም፤ የደንበኛውን ቁጣ የሚቀበለው ግን እርሱ ነው። ልጇ ከውጭ የላከላትን ገንዘብ ማውጣት ያቃታት እናት የምትጠይቀው በመስኮቱ የምታየውን ሰው ነው። ሠራተኛው ከአመራሩ የሚጠብቀው ፖለቲካውን እንዲፈታለት አይደለም። የሚጠብቀው ደንበኛው ፊት ቆሞ የሚናገረው እውነተኛ ቃል፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሥራ ገባህ አልገባህ ብሎ የማያስጨንቀው ሕግ፣ ለደኅንነቱ የሚያስብ ስልክ ነው። ድርጅት የሠራተኛውን ልብ የሚያገኘውም የሚያጣውም በእነዚህ ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የምስጋና ደብዳቤ ያጡትን አይመልስም።

የመለኪያው ጉድለት

በዓለም ላይ የሠራተኛ ድምፅ አመራርን እስከ ማናወጥ የደረሰባቸው ጊዜያት አሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የጉግል ሠራተኞች የጾታ ትንኮሳ አያያዝን ተቃውመው ከሥራ ወጥተው ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 አዲስ አበባ የተወለደችው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከዚያው ኩባንያ ስትለይ ከ2 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ለእርሷ ድጋፍ ፈረሙ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ደግሞ ከ770 ያህል የኦፕንኤአይ ሠራተኞች ከ700 በላይ የሚሆኑት ከሥራ የተሰናበተው ዋና ሥራ አስፈጻሚያቸው ሳም አልትማን ካልተመለሰ እንለቃለን ብለው ጻፉ፤ በቀናት ውስጥም ተመለሰ። እነዚህ ሠራተኞች ድምፃቸው የተሰማው በቀላሉ የማይተኩ ስለነበሩ፣ ብዙዎችም ስለነበሩ ነው። በወገዳ ያለ ሠራተኛ በቁጥርም በገበያም ይህ ጉልበት የለውም። ስለዚህ እርሱን የሚያሰማ ሥርዓት ሆን ተብሎ መሠራት አለበት።

የተለመደው መጠይቅ ይህን አይሠራም፤ ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ አማካይ ውጤት የብዙኃኑን ድምፅ ይናገራል፤ ሠራተኛው በብዛት አዲስ አበባ ከሆነ የገጠሩ ቅሬታ በአማካዩ ውስጥ ይቀልጣል። ሁለተኛ፣ ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል ጥቂት መልስ ያለበት ቅርንጫፍ ውጤት ለብቻው አይታተምም፣ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ደግሞም ጥቂት ሰዎች በሚሠሩበት ሱቅ «ስም አይጻፍም» ማለት ትርጉም የለውም፤ አጻጻፉ ራሱ ሰውየውን ይናገራል። ሦስተኛ፣ የማማ ዘበኛው፣ የኤጀንሲ ሠራተኛውና ወኪሉ በብዙ ቦታ «ሠራተኛ» ተብለው አይቆጠሩም። ለጋይንት ገበሬ ግን ኩባንያው ማለት እነርሱ ናቸው።

የሠራተኛ ማኅበር ይህን ክፍተት ሊሞላ የተፈጠረ ተቋም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በዝርዝር የመደራጀትንና የኅብረት ስምምነት የማድረግን መብት ይሰጣሉ። በየካቲት 1966 መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የሠራተኛ ቃል ሽቅብ ሊወጣ እንደሚችል ያሳየ ታሪክ ነው። ሆኖም ማኅበር ኮሚቴው ሁሉ በከተማ ከሆነ እርሱም ሌላ ዋና መሥሪያ ቤት ይሆናል። የወረዳ ሠራተኛ በማኅበሩ ውስጥም ወኪል ያስፈልገዋል።

ምን ይደረግ

ከዚህ ዳሰሳ የሚወጡት ሐሳቦች ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። የሩቅ ቅርንጫፎች ውጤት ከከተማው ተለይቶ ይቅረብ፤ የሰው ማንነት እንዳይታወቅ ደግሞ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሱቆች በአንድ ላይ ተደምረው ይታዩ። መጠይቁን የሚሰበስበው ውጤቱ የሚነካው አለቃ አይሁን። እያንዳንዱ ከፍተኛ ኃላፊ በየዓመቱ ያለ አጀብ ጥቂት ቀን በወረዳ ሱቅ ይሥራ። በሩቅ ቦታ ያገለገለ ሠራተኛ ለዕድገት ሲወዳደር አገልግሎቱ ነጥብ ይሁነው። ዘበኛውና ወኪሉ በጥያቄው ይካተቱ። ከሁሉ በላይ ወደ ላይ ለሚላክ ጉዳይ ሁሉ የመልስ ቀን ይወሰንለት፤ ቀኑ ሲያልፍ ጉዳዩ በራሱ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይውጣ።

ድርጅቶቹ ስንት ሚሊዮን ደንበኛ እንዳፈሩና ስንት ቢሊዮን ብር እንዳስገቡ በየጊዜው ይገልጻሉ፤ ዕድገቱም እውነተኛ ነው፣ ለአገርም ይጠቅማል። በዚያው መግለጫ ሁለት ቁጥሮች እንዲጨመሩ ሠራተኛውም፣ ማኅበሩም፣ ባለአክሲዮኑም መጠየቅ አለባቸው፦ ከወረዳ ቅርንጫፎች ስንት ጥያቄ ወደ ከፍተኛ አመራሩ ደረሰ? ስንቱስ በተወሰነው ቀን መልስ አገኘ? የመጀመሪያው ቁጥር ትንሽ ከሆነ ሠራተኛው ፈርቷል፤ ሁለተኛው ትንሽ ከሆነ አመራሩ አልሰማም። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተሰልተው በይፋ እስካልወጡ ድረስ ስለ የትኛውም ኩባንያ አመራር የሚሰጠው ምስክርነት፣ የሚያመሰግንም ቢሆን፣ በዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ የተሰበሰበ ግማሽ ምስክርነት ነው።